ዳታ ስትራክቸር በእርሳስና በወረቀት

የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ እየተማራችሁ ሁለተኛ ዓመት ላይ "ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም" የሚባለው ኮርስ የተደቀነባችሁ ልጆች፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ነን። ልጃቸው ይህን ሙያ የሚማርላቸው ወላጆችም አብራችሁን ብትቆዩ አትሰለቹም ብዬ አስባለሁ። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ። ኮምፒውተር ለዛሬ አያስፈልግም።

የአንደኛ ዓመት ፕሮግራሚንግ ብዙ ሰው አያስፈራም። የአምስት ተማሪዎችን ውጤት ተቀብሎ አማካዩን የሚያወጣ ፕሮግራም ይጻፋል፤ ይሠራል፤ ደስ ይላል። ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሣጥኖችን በቀስት እያያያዘ ፖይንተር፣ ኖድ፣ ሊንክድ ሊስት ይላል። ላብ ገብተው ያንኑ ሲጽፉት ኮምፓይለሩ ምንም ስህተት አላየሁም ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን ገና ሲነሣ ይወድቃል። ስህተቱ የት እንዳለ የሚናገር መስመር የለም። በዚህ ጊዜ ብዙ ተማሪ ወደሚያውቀው መሣሪያ ይመለሳል። ከሲኒየር የወረሰውን ሃንድአውት አውጥቶ ኮዱን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ለሚድ ፈተና ይጠቅም ይሆናል። መምህሩ ጥያቄውን ትንሽ ያጣመመው ዕለት ግን ሽምደዳው ባዶ እጅ ያስቀራል።

ይህን ትምህርት የሚያከብደው የአእምሮ ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም። ከኮዱ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ስለሚታለፍ ነው የሚከብደው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ይህ ያከማቸሁት መረጃ ወደፊት ምን ምን ይጠየቃል? ከጥያቄዎቹስ የትኛው ይደጋገማል? አሬይ፣ ሊንክድ ሊስት፣ ትሪ፣ ሀሽ ቴብል የሚባሉት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸው። አንዱ ከሌላው በጥቅሉ አይበልጥም። የተጠየቀው ሲታወቅ ግን ብልጫው ወዲያው ይታያል።

የፓስካል ቋንቋ አባት የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1976 ለተማሪዎች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ የሂሳብ ቀመር ይመስላል፦ አልጎሪዝምና ዳታ ስትራክቸር ሲደመሩ ፕሮግራም ይሆናሉ ይላል። ከዚያ ወዲህ ቋንቋዎች መጥተው ሄደዋል። በፓስካል ዛሬ የሚማር ተማሪ ጥቂት ነው፤ ቀመሩ ግን እስካሁን አልተሻረም።

ከአሬይ እንጀምር። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ እያንዳንዳችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ የፊደል ገበታ ነው። ምሳሌ ብቻም አይደለም፤ ስልካችን ውስጥ ፊደሎቻችን በእርግጥ የተቀመጡት በዚህ መልክ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጥቶታል። "ሀ" 4608 ነው። "ሁ" 4609፣ "ሂ" 4610 እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተመድቧል፤ ሰባቱ ለምናውቃቸው ሰባት ዓይነቶች፣ ስምንተኛው ደግሞ እንደ "ሏ" እና "ሟ" ላሉት። ስለዚህ "ለ" ከ"ሀ" ስምንት ቁጥር ርቆ 4616 ላይ ይገኛል።

አሁን እርሳሱን አንሡና "ሞ"ን ያለ ገበታ ፈልጉልኝ። የ"መ" ቤት ከ"ሀ"፣ ከ"ለ" እና ከ"ሐ" በኋላ ይመጣል፤ ከፊቱ ሦስት ቤት አለ። ሦስት ጊዜ ስምንት ሃያ አራት። "ሞ" ሰባተኛው ነው፤ ከፊቱ ስድስት ፊደል አለ። 4608 ሲደመር 24 ሲደመር 6፣ 4638 ይሆናል። ኮምፒውተሩን ብትጠይቁት የሚሰጣችሁ ቁጥርም ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ማንንም "ሞ የት አለህ?" ብለን አልፈለግንም። አንድ ማባዛትና ሁለት መደመር በቃን። ገበታው አንድ ሚሊዮን ቤት ቢኖረውም ሥራው አይጨምርም። የአሬይ ኃይል ይህ ነው፤ ስንተኛ እንደሆነ ከታወቀ ያለበት ቦታ በስሌት ይገኛል። መቁጠር ከዜሮ የሚጀምረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚቆጠረው ከፊቱ ስንት አለ የሚለው ነው። መምህሩ "ኢንዴክስ ከዜሮ ይጀምራል" ብሎ ሲያልፍ ግራ የተጋባችሁ ካላችሁ፣ የ"ሞ"ን ስሌት አንድ ጊዜ በራሳችሁ እጅ ሥሩት።

በነገራችን ላይ ይህ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ የጠራ አይደለም። ከ"ቀ" ቤት ቀጥሎ "ቈ" የራሱን ረድፍ ይይዛል፤ በረድፉ ውስጥም ያልተሞሉ ባዶ ቦታዎች አሉ። እውነተኛ መረጃ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው አሬይ ብቻ ነው ጥርሱ ሞልቶ የሚገኘው።

አሬይ ድካሙ የሚታየው መሀል ላይ አንድ ነገር እናስገባ ሲባል ነው። አንድ ሚሊዮን ስም በተራ ተደርድሮ ሳለ አዲስ ስም መጀመሪያው ላይ ይግባ ከተባለ፣ ሚሊዮኑም አንድ አንድ ቦታ መሸሽ አለባቸው። እንዲህ ያለው ማስገባት በየደቂቃው የሚደጋገም ከሆነ ሌላ መልስ ያስፈልጋል።

ሌላውን መልስ ለማየት ቀበሌ እንሂድ። ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ አይቆምም። አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንዱ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንዷ ደጅ ላይ ሆና ስልክ ታወራለች። አዲስ የገባ ሰው "የመጨረሻው ማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ "እኔ ነኝ" ይባላል፤ "እንግዲህ ከእርስዎ ቀጥዬ ነኝ" ብሎ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ከፊቱ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰልፉ መሬት ላይ አይታይም፤ ግን አለ። ሊንክድ ሊስት ማለት ይኸው ነው። ሰዎቹ ኖዶች ናቸው። "ከእገሌ ቀጥዬ ነኝ" የሚለው ዕውቀት ፖይንተር ነው። የመጀመሪያው ሰው ከማንም ቀጥሎ አይደለም፤ የእርሱ ፖይንተር ባዶ ነው፣ በኮዱ ነል እንለዋለን።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የተማሪ እንባ የሚፈስሰው እዚህ ነውና። አንዲት ነፍሰ ጡር እናት መጡና መሀል ላይ ይግቡ ተባለ፤ ከአቶ በቀለ ቀጥለው፣ ከወይዘሮ ዘነበች ፊት። የተቀመጠ ማንም አይንቀሳቀስም። የሚለወጠው ሁለት ዕውቀት ብቻ ነው። እናትየው "ከአቶ በቀለ ቀጥዬ ነኝ" ይላሉ፤ ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ "ከእኚህ እናት ቀጥዬ ነኝ" ይላሉ። ሺህ ሰው ቢኖርም ሥራው ሁለት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ተራው ከአቶ በቀለ ቀጥሎ መሆኑን የሚያውቁት ወይዘሮ ዘነበች ብቻ ናቸው። እርሳቸው ለእናትየው ሳይነግሩ በፊት የራሳቸውን ዕውቀት ከለወጡ፣ አቶ በቀለን የሚያስታውስ አይኖርም። አቶ በቀለና ከእርሳቸው ፊት ያሉት ሁሉ ከሰልፉ ጠፉ ማለት ነው። ኮዱ ላይ ይህ ሁለት መስመር ነው፤ መስመሮቹን ያገላበጠ ተማሪ ኮምፓይለሩ ሳይቆጣው ግማሽ ዝርዝሩን ያጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ አዲሱ ኖድ መጀመሪያ ይያዝ፤ የቆየው ኖድ ከዚያ በኋላ ይልቀቅ።

አንዱ ደግሞ ለማንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ቢሄድስ? ከኋላው ያለው ሰው አሁንም "ከእርሱ ቀጥዬ ነኝ" ይላል፤ የሚጠቅሰው ሰው ግን የለም። በሲ ፕላስ ፕላስ የተለቀቀ ሜሞሪን አሁንም የሚያመለክት ፖይንተር ማለት ይህ ነው። ፕሮግራሙ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ይወድቃል። ሊፈትሹት ሲቀመጡ የሚሠራ፣ መምህሩ ፊት ሲያቀርቡት የሚወድቅ ፕሮግራም ያጋጠማችሁ ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

ባዶ ፖይንተሩም ቢሆን ቀላል ጠላት አይደለም። እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 አልጎል ደብሊው በተባለው ቋንቋ ውስጥ ባዶ ማመልከቻን ያስገባው ለመሥራት ቀላል ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ጉባኤ ላይ ቆሞ ውሳኔውን የቢሊዮን ዶላር ስህተት ብሎ ጠራው። ይኸው ሰው የፈጣኑ የክዊክሶርት መደርደሪያ አልጎሪዝም ፈጣሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሞስኮ ውስጥ ተማሪ ሳለ ነበር ያሰበው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ፤ ቢግ ኦ ወደሚባለው። ይህን ምዕራፍ ተማሪው እንደ ሂሳብ ፈተና ይፈራዋል። ነገሩ ግን የእርምጃ ቆጠራ ነው፤ መረጃው ሲበዛ ሥራው በስንት እጅ ይበዛል የሚል ቆጠራ። አንድ ሚሊዮን ስም በፊደል ተራ ይደርደር እንበል። አስልቶ ማየት ከማንኛውም ትርጓሜ ይሻላል። ጎን ለጎን ያሉትን እያወዳደረ በሚያቀያይረው በበብል ሶርት ብንደረድር ሁለት ሁለቱን ማወዳደሩ ወደ 500 ቢሊዮን ጊዜ ይደርሳል። ኮምፒውተራችን በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ ያወዳድራል ብለን ብንይዝ፣ 5,000 ሴኮንድ ይፈጃል፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያልፋል። ግማሽ ግማሹን ደርድሮ በሚያዋህደው በመርጅ ሶርት ግን ማወዳደሩ ወደ 20 ሚሊዮን ይወርዳል፤ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ነው። መርጅ ሶርት አዲስ ግኝት አይደለም፤ ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1945 የጻፈው ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ ስሞቹም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰው ያሰበው መንገድ ብቻ ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ የምትማሩ ልጆች ይህን ስሌት አስታውሱት። መርጅ ሶርት ያለው አሮጌ ላፕቶፕ በብል ሶርት ያለውን አዲስ ላፕቶፕ ይቀድመዋል።

የተደረደረ ነገር ሌላም ጥቅም አለው። ባይነሪ ሰርች የሚባለው ፍለጋ ዝርዝሩን መሀሉ ላይ ከፍቶ ያያል፤ የምንፈልገው ከዚያ በፊት ከሆነ ኋለኛውን ግማሽ ይጥለዋል፤ ከቀሪው ደግሞ ግማሹን። አንድ ሚሊዮን ሃያ ጊዜ ሲገመስ አንድ ይቀራል። ስለዚህ ከሚሊዮን ስም መካከል አንዱን ለማግኘት ሃያ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ሐሳቡ ለሕፃን ቢነገር ይገባዋል። በትክክል መጻፉ ግን ባለሙያዎችን ሳይቀር አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆሹዋ ብሎክ የተባለ መሐንዲስ የጃቫ መደበኛ ስብስብ ውስጥ የነበረው ባይነሪ ሰርች ስህተት እንዳለበት ለዓለም አሳወቀ። የኮዱ ጸሐፊ እርሱ ራሱ ነበር። ዓመታት ያለፉት፣ በመላው ዓለም የሚሠራበት ኮድ ነው። ስህተቱ መሀሉን የሚፈልገው መስመር ላይ ነው፤ የታችኛውንና የላይኛውን ቁጥር ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። ማንኛችንም እንዲሁ ነበር የምንጽፈው። ጃቫ ውስጥ ግን አንድ መደበኛ ኢንቲጀር ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ዝርዝሩ ከአንድ ቢሊዮን ሲያልፍ ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው ከዚያ ይበልጡና ድምሩ ወደ ኔጋቲቭ ይገለበጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከላይኛው ታችኛውን ቀንሶ፣ ልዩነቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ታችኛው ላይ መደመር። በሂሳብ አንድ ናቸው፤ በማሽን ላይ አንድ አይደሉም። ፕሮግራሚንግን ከሂሳብ ትምህርት የሚለየው እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ የኮርሱ ጣዕምም እዚህ ነው ያለው።

ስለ ሀሽ ቴብል ደግሞ በአማርኛ ስናስብ ለኛ ብቻ የሚታይ ነገር አለ። ሀሽ ቴብል የአሬይን ፍጥነት ለስም ያበድራል። ስሙን በአንድ ስሌት ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቁጥሩ የማስቀመጫውን ቦታ ይነግራል። ስትፈልጉም ያንኑ ስሌት ትደግማላችሁ። የአይ ቢ ኤሙ ሃንስ ፔተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሁለት ስሞች አንድ ቦታ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ይህም ከምትገምቱት በላይ ቶሎ ይመጣል። 23 ሰዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆን ዕድላቸው ከግማሽ ያልፋል፤ የሀሽ ግጭትም በዚያው ስሌት ይሄዳል። ለዚህ የታወቀው መላ ቦታው ላይ ትንሽ ሊንክድ ሊስት መትከል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ስሙ የኛ ሲሆን ነው። አንድ ተማሪ ሲመዘገብ "ኃይሉ" ተብሎ ተጻፈ። በማግሥቱ ሌላ ሠራተኛ "ሃይሉ" ብሎ ፈለገው። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው፣ ስሌቱም ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። "እንዲህ የሚባል ተማሪ የለም" ይላል። የዚህን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በስድስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። መደርደርም ላይ እንዲሁ ነው። በዩኒኮድ ቁጥር ብቻ ከደረደራችሁ "ሠናይት" እና "ሰናይት" ጎን ለጎን አይመጡም፤ "ረ" በመካከላቸው ስላለ ራሔልና ረዳ ገብተው ይለያዩዋቸዋል። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ መማሪያ ይህን አያነሣላችሁም። በአማርኛ መዝገብ የሚሠራ ሶፍትዌር ለመጻፍ የተነሣ ተማሪ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይገጥመዋል።

መፍትሔው ያው ቅድም የሠራነው የገበታ ስሌት ነው። የ"ሠ" ቤት ከ4640 እስከ 4647 ይይዛል፤ የ"ሰ" ቤት 4656 ላይ ይጀምራል። ልዩነቱ 16 ነው። ስለዚህ ስሙ ወደ ሀሽ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ፊደል ማየት፣ በዚያ ክልል ውስጥ ያለ ከተገኘ 16 መጨመር። በዚህ ስምንቱም የ"ሠ" ዓይነቶች በአንድ መስመር ኮድ ወደ "ሰ" ይመጣሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የተለወጠው ለመፈለጊያ ብቻ ይዋል። ሰውየው ስሙን በ"ሠ" ከጻፈ ምስክር ወረቀቱ ላይ በ"ሠ" ይውጣለት። ለኮምፒውተር እንዲመች ተብሎ የሰው ስም አይታረምም።

ትሪ ላይ አንድ ወጥመድ ብቻ ላንሣ። ባይነሪ ሰርች ትሪ ትንሹን ወደ ግራ፣ ትልቁን ወደ ቀኝ እያደረገ ይገነባል፤ መረጃው ተዘበራርቆ ሲገባ ጥሩ ይቆማል። ከሬጅስትራር የሚመጣ የተማሪ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ በፊደል ተራ የተደረደረ ነው። እንደዚያው ቢገባ ሁሉም ወደ ቀኝ ብቻ ይወርዳሉ፤ ዛፉ ቅርንጫፍ የሌለው ረጅም እንጨት ይሆናል፣ ፍለጋውም እንደ ሊንክድ ሊስት ይንቀራፈፋል። ሁለት የሶቪየት ሂሳብ ሊቃውንት፣ አዴልሰን ቬልስኪና ላንዲስ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ራሱን እያመጣጠነ የሚያድግ ዛፍ አቀረቡ። ኤ ቪ ኤል ትሪ የሚባለው ስሙን ያገኘው ከእነርሱ ነው። ከትሪ ውጭ የቀሩትን ስታክና ኪውን ለማየት ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ጽሑፍ ስታርሙ "ወደኋላ መልስ" የሚለው ቁልፍ በስታክ ይሠራል፣ መጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል፤ ፕሪንተር የሚጠብቁ ሰነዶች በኪው ያልፋሉ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ግራፍን ከካርታ ጋር አገናኙት፤ ከተሞቹ ነጥቦች፣ መንገዶቹ መስመሮች ናቸው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ አጭሩን መንገድ የሚያገኘውን አልጎሪዝም እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ቡና እየጠጣ በሃያ ደቂቃ ያህል ነው ያሰበው፤ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ። እኛ ግን ዳይክስትራ ስላልሆንን ወረቀቱን አንጣለው።

ወደ አጠናኑ ልምጣ። ወረቀት ላይ ሣጥንና ቀስት ሥሉ። ኮዱን መስመር በመስመር እየሄዳችሁ ቀስቱን በላጲስ እያጠፋችሁ እንደገና አስምሩ። አንድ መስመር አንድ ለውጥ። ይህ የሕፃን ሥራ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ በኔ አስተያየት ግን የዚህን ኮርስ ግማሽ የሚያስተምረው ይህ ነው። መብራት ሲጠፋና ላብ ሲጣበብም አይቋረጥም። ኮዱ በወረቀት ላይ ሲሠራ ሦስት ሁኔታ ሞክሩበት፤ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን፣ አንድ ብቻ ሲኖረው፣ የሚጠፋው የመጨረሻው ሲሆን። የተማሪ ፕሮግራም ሲወድቅ ከእነዚህ ባንዱ ላይ ነው የሚወድቀው፤ መሀል ላይ ሲወድቅ ያየሁት ጥቂት ነው።

ቋንቋ የትኛው ይሁን የሚል ክርክር ዶርም ውስጥ ሌሊት ሲያስነጋ እሰማለሁ። ለዚህ ኮርስ ሲ ፕላስ ፕላስ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፓይተን ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ስለሚሰጥ ውስጡ የሚሆነውን ይሸፍናል። ኮርሱ ካለቀ በኋላ በፓይተን ስትሠሩ ግን የተሸፈነው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቻት ጂፒቲን የመሳሰሉ መሣሪያዎችን አትንኩ አልልም። መጀመሪያ የራሳችሁን ጻፉ፤ ከዚያ "የትኛው ሁኔታ ላይ ይወድቃል?" ብላችሁ ጠይቁት። ቀድሞ የጻፈላችሁን ገልብጣችሁ ካስረከባችሁ አሳይመንቱ ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ላይ ግን ከመቶ 50 ማምጣት ያለባችሁ ራሳችሁ ናችሁ፤ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝምም ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ሥራ ለመቀጠር ኢንተርቪው ስትቀመጡም የሚቀርብላችሁ ይኸው ኮርስ ነው።

ስንብታችን በቤት ሥራ ይሁን። የክፍላችሁን ተማሪዎች ስም በአማርኛ የሚመዘግብና በማንኛውም አጻጻፍ ቢጠየቅ የሚያገኝ ፕሮግራም ጻፉ። "ሠ"ን አብረን ሠርተናል። "ሐ" 4624 ላይ፣ "ኀ" 4736 ላይ፣ "ዐ" 4816 ላይ፣ "ፀ" 4928 ላይ ይጀምራሉ። "አ" 4768፣ "ጸ" ደግሞ 4920 ናቸው። በየቤቱ ስንት መደመር ወይም ስንት መቀነስ እንዳለባችሁ እናንተ አስሉት። "ሀ" እና "ሃ" በድምፅ አንድ መሆናቸውንም አትርሱ፤ እዚያ ላይ መደመር ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ በወረቀት፣ ከዚያ በኮድ። ስትጨርሱ ኃይሉን በስድስቱም አጻጻፍ ፈልጉት፤ ስድስት ጊዜም መገኘት አለበት።